የውሃ ቆጣሪ

በየሁለት ወሩ፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
ባትሪና መዝገብ ይዤ፣ ያልተጠራሁ እንግዳ፣
በአውራ ጎዳናው ሥር በዋሻው አልፋለሁ፤
የመኪናዬን ጆሮ ወደ ውስጥ አጥፋለሁ።
አንድ በአንድ ነው እንጂ ሁለት አያሳልፍም፤
ከወዲያ የመጣ ካለ፣ መሳደብ አያተርፍም።
ከላይ፣ ሐይፋ የሚሄደው ሁሉ ሳያይ ይሮጣል፤
ከታች፣ አንድ ልጅ በሳይክል ዳቦ ይዞ ይወጣል።

ጂስር አዝ-ዘርቃ።
ድልድይ ማለት ነው አሉኝ፣ የሰማያዊው ወንዝ፤
ካርታው ግን ሌላ ስም ሰጥቶታል፦ የአዞ ወንዝ።
አዞው ካለቀ ቆይቷል፤
ስሙ ብቻ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

በደቡብ የአፈር ክምር፣ ረጅም፣ ሣር የለበሰ፤
ከክምሩ ወዲያ ቄሣርያ፣ ገንዳው ያልደፈረሰ።
እዚያ ሐሙስ ነው ተራዬ።
ውሻው ያውቀኛል፣ ሰው አያውቀኝም።
የአንዱ ገንዳ ጥማት የዚህን ጎዳና ሙሉ ያጠጣል፤
ይህን ግን መዝገቡ አይጠይቀኝም።

የሚጠይቀኝ የቤት ቁጥር ነው። ቤቱ ቁጥር የለውም፤
“ከነዚሃ ሱቅ ቀጥሎ፣ በሩ ሰማያዊ” ይሉኛል፤
ሰማያዊ ያልሆነ በር ግን እዚህ አላየሁም።
ነዚሃ ደጃፏ ላይ ከደንገል ሰሌን ትሠራለች፣
ረግረጉ ሳይደርቅ አያቷ እንዳስተማረቻት።
“ቱሪስት ይገዛል?” ስላት፣
“ቱሪስት ፎቶ ያነሳል” አለች።

ወደ ባሕሩ ስወርድ የዓሣ አጥማጆች ጎጆ፣
ቆርቆሮ፣ ሸራ፣ ከፈረሰ ቤት የመጣ በር።
ሱብሒ መረብ ይጠግናል፤ ዓይኑን አያነሳም፤
“አቡ ማይ!” ይለኛል፤ እግሬን ሰምቶ አይሳሳትም።
የውሃ አባት ማለቱ ነው።
በቄሳችን መጽሐፍም፣ በግዕዙ፣ ውሃ ማይ ነው።
በሸሚዜ ኪስ ላይ ደግሞ ቢሮው በዕብራይስጥ
“ማይም” ብሎ ጠልፎልኛል፤
እናቴ በተነገራት ዕለት እስክታለቅስ ስቃብኛለች፦
“ልጄ አንባቢ ተብሎ ተቀጥሮ፣ ደረቱ ማይም ይላል!”

ዛሬ የሱብሒ ቆጣሪ ቆሟል።
ቧንቧው ይፈሳል፣ መረቡ ይታጠባል፣
ቁጥሩ ካምናው አልተነቃነቀም።
ስለ ስርቆት መመሪያው ሁለት ገጽ አለው፤
አላነበብኩለትም።
ተንበርክኬ ፈታሁት። ከማጣሪያው ሥር
እፍኝ አሸዋ ተዘረገፈ፣ ደቃቅ፣ እንደ ጤፍ ሰርገኛ።

“ይህ የኛ አይደለም” አለ ሱብሒ፣ መርፌውን ጥርሱ ላይ ነክሶ፤
“ከኒል ነው። ባሕር ይገባል፣ ሲናን ዞሮ፣ ጋዛን አልፎ፣
ሞገዱ ገፍቶ ገፍቶ እዚህ ይጥለዋል።
እኛንም በዚያው መንገድ መጣችሁ ይሉናል፤
እኔ አልነበርኩም።”

እፍኜን እንደዘረጋሁ ቆየሁ።
አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤
ይህን ስንል ያደግን ሰዎች ግንዱን ብቻ ነው ያየን።
አፈሩንም ይዞ ኖሯል ለካ፦
የበለሳን ማሳ፣ የአለፋን ገደል፣
አባቴ በእርፍ ገልብጦ፣ ክረምት የቀማውን፣
“ሄደ በቃ” ብሎ እጁን ያራገፈበትን።
ከኛ በፊት ደርሷል፤ ማን ነህ ያለው የለም።
ለሱብሒ ልነግረው ፈልጌ፣
አረብኛዬ ከቧንቧና ከሒሳብ አላለፈም።

አዲስ ቆጣሪ ገጠምኩ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
አንድ ቡሪ በፌስታል አቀበለኝ፣
“ክንፍ አለው፣ ቅርፊት አለው፣ አይተህ ውሰድ” አለኝ፣
ሕጌን ከኔ ይልቅ አጥብቆ።

መኪናው ውስጥ፣ “ምክንያት” ከሚለው ፊት ለፊት፣
“አሸዋ” ብዬ ጻፍኩ።
ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት መስመር የለም።
ጥፍሬ ሥር የቀረውን አላጸዳሁም።

ዋሻው መሐል ስደርስ ከወዲያ መብራት መጣ፤
መለከቱን አልነፋም፣ እኔም አልነፋሁም።
ወደ ኋላ የተመለስኩት እኔ ነኝ።